የቆዩ ኢሜይሎችን ከአሮጌ ኮምፒዩተር ወደ አዲስ ማሻገር

ጥያቄ፦ በጡረታ ላይ ያሉ አንዲት የአዲስ አበባ አንባቢያችን የላኩልን ደብዳቤ በአጭሩ ይህን ይላል። ቤታቸው ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በአውትሉክ ኤክስፕረስ የተጻጻፏቸው ኢሜይሎች በሙሉ ያሉት በእሱ ውስጥ ነው፤ ከእነዚህ መካከል ዋሽንግተን ከሚኖሩት ወንድማቸው ጋር ስለ ወላጆቻቸው ቤት ካርታና ስለ ውርሱ የተለዋወጧቸው ይገኙባቸዋል። ልጃቸው በቅርቡ ዊንዶውስ 11 ያለው ላፕቶፕ ገዝታ ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ጭናላቸዋለች። የእህታቸው ልጅ ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጦ ቢያመጣም አዲሱ ኮምፒዩተር ሊከፍተው አልቻለም፤ ጥገና ቤት ሲጠይቁም «ይህ የማይሆን ነገር ነው፣ ይተዉት» ተባሉ። ከዚህ ሌላ ከቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ሲወጡ በፍላሽ የያዙት «ፒኤስቲ» የሚባል አንድ ትልቅ ፋይል አላቸው። ኢሜይሎቹ ወደ ተንደርበርድ ሊገቡ ይችላሉ ወይ? በአማርኛ የተጻፉት እንደነበሩ ይነበባሉ ወይ? አሮጌውን ኮምፒዩተርስ ለሰው መስጠት ይቻላል ወይ? የሚሉት ናቸው ጥያቄዎቻቸው።

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣

ኢሜይሎችዎ ወደ ተንደርበርድ ሊገቡ ይችላሉ። የእህትዎ ልጅም ያጠፋው ነገር የለም፤ ሥራውን ከመካከል አቆመው እንጂ። አውትሉክ ኤክስፕረስ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር አብሮ ይመጣ የነበረ ፕሮግራም ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ኤክስፒን ከተከተለው ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በሌላ ስለተካው ዛሬ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ አይገኝም። መልእክቶቹን የሚያስቀምጥባቸው ስማቸው በ«ዲቢኤክስ» የሚያልቅ ፋይሎችም ለራሱ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ተንደርበርድ ፎልደሩን እንዳለ ቢያገኘው አያነበውም። ስለዚህ አሮጌው ፕሮግራም ራሱ፣ ገና መሥራት ሳያቆም፣ መልእክቶቹን ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል መልክ እንዲያወጣቸው ማድረግ አለብዎት። ኮምፒዩተሩ እስከ ዛሬ የሚነሣ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነውና ይህን ሥራ ለነገ ባያሳድሩት እመክራለሁ።

በደብዳቤዎ ላይ «የድሮውን ፓስወርድ ባስታውስ ኖሮ ከኢንተርኔት ላይ አወርዳቸው ነበር» ብለዋል። ይህ ተስፋ ብዙ የሚያስኬድ አይመስለኝም። ኢንተርኔት አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የቤት ተጠቃሚ የሚገናኘው በስልክ መስመር፣ ሒሳቡም በተገናኘበት ጊዜ ልክ እየታሰበ ነበር። ሰው ቶሎ ተገናኝቶ መልእክቱን አውርዶ መስመሩን ይዘጋና ተረጋግቶ ያነባል። ለዚህ ተብሎ የሚመረጠው «ፖፕ» የተባለው አሠራር ደግሞ ቅጂ ይቀመጥ ተብሎ ካልታዘዘ በስተቀር መልእክቱን ወደ ቤት ካወረደ በኋላ ከሰርቨሩ፣ ማለትም ከኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ኮምፒዩተር ላይ ይሰርዘዋል። ስለዚህ የወንድምዎ ኢሜይሎች ያሉት በአሮጌው ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው ብለው ቢያስቡ ይሻላል፤ ከዚህ በታች የማቀርበው ምክርም በዚሁ ግምት ላይ የቆመ ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ለዊንዶውስ ኤክስፒ ማይክሮሶፍት የጥበቃ ማሻሻያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ስለሆነ አሮጌውን ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋር አያገናኙት፤ ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ሁለተኛው፣ አውትሉክ ኤክስፕረስ ከተወሰኑ ጊዜያት በኋላ ሲዘጋ «ቦታ ለመቆጠብ መልእክቶቹን ላጨምቅ?» የሚል ጥያቄ የማቅረብ ልማድ አለው፤ ይህ ጥያቄ ከመጣ «ካንስል» የሚለውን ይጫኑ። ጭመቃው እየተካሄደ መብራት ቢሄድ ሙሉ ፎልደር ሊበላሽ ይችላል፤ መብራት የሚሄድበትን ሰዓት ደግሞ ከእርስዎ በላይ አላውቅም። ከዚህም በላይ፣ የተሰረዘ መልእክት ፋይሉ እስኪጨመቅ ድረስ በውስጡ ስለሚቆይ፣ ምናልባት በስህተት የሰረዙት ካለ ባለሙያ ሊያወጣው የሚችለው ካልተጨመቀው ፋይል ነው። ሃርድ ዲስኩ እንግዳ የሆነ የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩን ወዲያው ያጥፉት፤ ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር የሚያያይዝ ሰው ይፈልጉ፤ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ ይቆይ።

የመጀመሪያው ሥራ ጥሬ ፋይሎቹን እንዳሉ መቅዳት ነው። የእህትዎ ልጅ ይህን እንዳደረገ ይገባኛል፤ ነገር ግን ትክክለኛውን ፎልደር ማግኘቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ኤክስፒ ይህን ፎልደር ስለሚደብቀው ብዙ ሰው ሌላ ፎልደር ገልብጦ ይሄዳልና። ቦታውን ፕሮግራሙ ራሱ ይናገራል። አውትሉክ ኤክስፕረስን ከፍተው «ቱልስ» ከሚለው ዝርዝር «ኦፕሽንስ»ን፣ ከዚያ «ሜንተናንስ» የሚለውን ገጽ፣ በገጹ ላይ ደግሞ «ስቶር ፎልደር» የሚለውን ይጫኑ። በምትወጣው ትንሽ መስኮት ላይ ያለው ረጅም ጽሑፍ የፎልደሩ አድራሻ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በማውስ መርጠው ኮፒ ያድርጉት። ፕሮግራሙን ዘግተው «ስታርት» ከዚያም «ረን» ከሚለው ሣጥን ውስጥ ቢለጥፉት ፎልደሩ ራሱ ፊትዎ ይከፈታል። «ኢንቦክስ» እና «ሴንት አይተምስ» የሚሉትን ፋይሎች በዓይንዎ ካዩ በኋላ ፎልደሩን በሙሉ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። በዚህ ጊዜ አውትሉክ ኤክስፕረስ ክፍት መሆን የለበትም። ኤክስፒ አዲሶቹን ትልልቅ ፍላሾች የማያውቅበት ጊዜ አለ፤ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀ እሺ አይበሉ፣ «ፋት 32» በተባለው ኤክስፒ በሚያውቀው አደረጃጀት የተዘጋጀ ሌላ ፍላሽ ይጠቀሙ እንጂ። ይህ ቅጂ ምንም ቢበላሽ የሚመለሱበት መነሻ ስለሆነ ምንም ሳይነኩት ያስቀምጡት።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ሥራ ሲሆን ትዕግሥትም የሚጠይቀው እሱ ነው። በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ በ«ሲ» ድራይቭ ሥር «ደብዳቤ» ወይም ኮምፒዩተሩ አማርኛ የማይጽፍ ከሆነ በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭር ስም ያለው ፎልደር ይክፈቱ፤ በውስጡም ለእያንዳንዱ የአውትሉክ ኤክስፕረስ ፎልደር አንድ ንዑስ ፎልደር ያዘጋጁ። ስሙ አጭር ይሁን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዊንዶውስ ከነአድራሻው ከ260 በላይ ፊደል የሚሆን የፋይል ስም ስለማይቀበል፣ ረጅም ርዕስ ያለው መልእክት እዚያ ላይ ተሰናክሎ ሊቀር ይችላል። ከዚያ በአንድ በኩል አውትሉክ ኤክስፕረስን፣ በሌላ በኩል ያዘጋጁትን ፎልደር ጎን ለጎን ከፍተው፣ መልእክቶቹን መርጠው በማውስ እየጎተቱ ፎልደሩ ላይ ይልቀቋቸው። እያንዳንዱ መልእክት ርዕሱን ስም አድርጎ፣ አባሪውንም እንደያዘ፣ በ«ኢኤምኤል» የሚያልቅ አንድ ፋይል ይሆናል። የድሮው ፋይል አፉ የተሰፋ ጆንያ ቢሆን ይህ እያንዳንዱን ደብዳቤ በየፖስታው አውጥቶ መደርደር ነው፤ «ኢኤምኤል» ደግሞ የማንም ድርጅት ምሥጢር ያልሆነ፣ ተንደርበርድም ሆነ ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች የሚያነቡት መልክ ስለሆነ ወደፊት ፕሮግራም ቢቀይሩም ዳግመኛ እንዲህ አይቸገሩም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መርጠው ቢጎትቱ አሮጌው ኮምፒዩተር ሊደርቅ ስለሚችል በጥቂት መቶዎች እየከፈሉ ይሥሩ። ከወንድምዎ ጋር አንድ ርዕስ ይዛችሁ ለወራት ስለተመላለሳችሁ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ፋይሎች ይኖራሉ፤ ኮምፒዩተሩ «በዚህ ስም ፋይል አለ፣ ልተካው?» ብሎ ከጠየቀ «ኖ» ብለው እነዚያን መልእክቶች ወደ ሌላ ንዑስ ፎልደር ይጎትቷቸው። እንዲተካ ከፈቀዱ የቀደመው መልእክት በኋለኛው ይተካና ይጠፋል፤ የውርሱ ጉዳይ ላይ ደግሞ ማን መቼ ምን እንዳለ ቁም ነገሩ ያለው ምናልባት በዚያው በጠፋው ላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ፎልደር በጨረሱ ቁጥር በአውትሉክ ኤክስፕረስ መስኮት ግርጌ የሚታየውን የመልእክት ብዛት እና በተዘጋጀው ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ብዛት አስተያይተው በወረቀት ላይ ይጻፉ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ወደሚቀጥለው ፎልደር አይለፉ።

አሁን ወደ አዲሱ ላፕቶፕ እንምጣ። ፋይሎቹን ወደ ላፕቶፑ ከገለበጡ በኋላ፣ ወደ ተንደርበርድ ከማስገባትዎ በፊት፣ በአንቲቫይረስ ያስፈትሿቸው። ፍላሽ ላይ የሚዞረውን የሾርትከት ቫይረስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔ ይበልጥ የማስበው ግን በኢሜይሎቹ ውስጥ አብሮ ተኝቶ ስለሚመጣው ነው። በዚያን ዘመን በአባሪ መልክ የሚላክ ቫይረስ የየዕለት ነገር ስለነበር አንድ ሁለት በውስጡ ቢገኝ አይደንቅም። ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ልግለጽ፦ ተንደርበርድ በተለመደው አሠራሩ የአንድ ፎልደርን መልእክቶች በሙሉ «ኤምቦክስ» በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ አከታትሎ ያስቀምጣል። ቫይረስ ያለበት አንድ መልእክት እዚያ ከገባ በኋላ አንቲቫይረሱ ቢያገኘው፣ መልእክቱን ለይቶ ማውጣት አቅቶት ሙሉውን ፋይል፣ ማለትም ኢንቦክሱን በሞላ፣ ሊያነሣው ይችላል። መልእክቶቹ ለየብቻ ፋይል ሆነው ሳሉ ቢፈተሹ ግን የሚነሣው ያው የታመመው አንዱ ብቻ ነው።

ለማስገባት ተንደርበርድ ላይ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ «ኢምፖርት ኤክስፖርት ቱልስ ኤንጂ» ይባላል፣ ነፃ ነው፣ የሚገኘውም ከተንደርበርድ የራሱ የተጨማሪዎች ገጽ ላይ ነው። ልጅዎ ከጫነችልዎ በኋላ በግራ በኩል ካለው ዝርዝር «ሎካል ፎልደርስ» በሚለው ሥር አዲስ ፎልደር ይክፈቱ፤ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭነው መሣሪያውን ይምረጡና መልእክቶቹን ከነንዑስ ፎልደሮቻቸው እንዲያስገባ ይዘዙት። «ሎካል ፎልደርስ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ አሁን በሚጠቀሙበት የኢሜይል አካውንት ሥር ቢያስገቧቸው ሁሉም በኢንተርኔት ወደ ሰርቨር ይጫናሉ፣ የዳታ ፓኬጅዎንም በከንቱ ይጨርሳሉ። ከገቡ በኋላ የተነበቡትና ያልተነበቡት ተቀላቅለው ቢያዩ አይደንግጡ፤ መልእክቱ የተላከበት ቀን ግን በራሱ በመልእክቱ ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ አይለወጥም። በወረቀት የያዙትን ቁጥር እዚህም ያመሳክሩ፤ ከእያንዳንዱ ፎልደር የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻውንና ትልቅ አባሪ ያለውን አንድ አንድ መልእክት ከፍተው ይዩ። የካርታው ስካን ካለ ምስሉ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ያረጋግጡ።

ወደ አማርኛው ጉዳይ ስመጣ ትንሽ መዘርዘር ይኖርብኛል፤ ጥገና ቤቱ ቢጠየቅም ይህን የሚመልስልዎ አይመስለኝም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ዊንዶውስ ኤክስፒ ከራሱ ጋር የአማርኛ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ማይክሮሶፍት «ኒያላ» የተባለውን ፎንት የጨመረው በቪስታ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሰው ይጽፍ የነበረው በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት ፕሮግራሞች ሲሆን፣ የቆዩት ዓይነቶቻቸው የአማርኛውን ቅርጽ የሚያሳዩት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ተክተው ነበር። ለኮምፒዩተሩ ያ ጽሑፍ መቼም አማርኛ አልነበረም። ፎንቱ ሲኖር «እንደምን አለህ» ሆኖ ይታያል፣ ፎንቱ ሲጠፋ የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ አንዳንድ ደብዳቤዎች እንዲያ ሆነው ቢታዩ ተበላሹ ማለት አይደለምና እንዳይሰርዟቸው አደራ።

መፍትሔው ፎንቶቹን አብሮ ማሻገር ነው። በአሮጌው ኮምፒዩተር «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ከፍተው ስማቸው ላይ ግዕዝ ወይም ኢትዮጵያ የሚል ነገር ያለባቸውን ሁሉ በፍላሽ ይቅዱና በአዲሱ ላይ ይጫኗቸው። በተንደርበርድ ማስተካከያ ውስጥ፣ ስለ ቋንቋና ፎንት በሚናገረው ክፍል፣ መልእክቶች የራሳቸውን ፎንት እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ምልክት አለ፤ እሱ መመረጡን ያረጋግጡ። የፎንቱን ስም በውስጣቸው የያዙት ደብዳቤዎች በዚህ ብቻ ወዲያው ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ምንም ቅርጽ ሳይኖረው በተራ ጽሑፍ የተላከው ግን የፎንቱን ስም ስለማይናገር ጽሑፉን ኮፒ አድርገው ወርድ ላይ ለጥፈው ፎንቱን በእጅ መምረጥ ይኖርብዎታል፤ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ካላወቁ አንዱን ከአንዱ መሞከር ነው። ሌላም ዓይነት አለ፦ በትክክለኛው ዩኒኮድ ተጽፎ ሳለ የላኪው ፕሮግራም በተሳሳተ መለያ የላከው። ይህኛው «ቪው» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ የጽሑፉን መለያ በሚያርመው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። የድሮውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞችም አሉ፣ ለፍለጋም ይመቻሉ፤ ነገር ግን የሚለውጡት ቅጂውን እንጂ ዋናውን ደብዳቤ አይሁን። ስለ ውርስ በሚደረግ ክርክር ላይ የሚቀርብ ደብዳቤ እንደተላከ ቢቆይ ነው የሚሻለው፤ ሕጋዊ ዋጋውን ግን ጠበቃዎን ይጠይቁ።

የአድራሻ መዝገቡ ከደብዳቤዎቹ የተለየ ፋይል ስለሆነ ራሱን ችሎ መውጣት አለበት። በአውትሉክ ኤክስፕረስ «ፋይል» ከሚለው ዝርዝር «ኤክስፖርት»ን፣ ከዚያም አድራሻ መዝገብን መርጠው «ሲኤስቪ» በተባለው ተራ የዝርዝር ፋይል መልክ ያውጡት፤ ተንደርበርድ ይቀበለዋል።

የመሥሪያ ቤቱ ፋይል ሌላ መንገድ ይፈልጋል። «ፒኤስቲ» የአውትሉክ ኤክስፕረስ ሳይሆን የታላቁ አውትሉክ ነው፤ ስማቸው ቢመሳሰልም ሁለቱ የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው። ተንደርበርድ ይህን ዓይነት ፋይል ማስገባት የሚችለው አውትሉክ ራሱ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ሲያግዘው ሲሆን፣ ከዊንዶውስ 11 ጋር የሚመጣው አዲሱ አውትሉክ ለዚህ አይሆንም፤ ከኦፊስ ጋር የሚጫነው የቀድሞው ዓይነት ያስፈልጋል። ለዚህ ብለው ኦፊስ አይግዙ። ኦፊስ ያለው የሚያምኑት ዘመድ ካለ በእሱ ኮምፒዩተር ላይ ተንደርበርድን ጭኖ፣ ፋይሉን ከፍላሹ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ በአውትሉክ ይክፈተው፣ አውትሉክንም ዋናው የኢሜይል ፕሮግራም አድርጎ ወደ ተንደርበርድ ያስገባው፤ ከዚያ የተገኘውን «ኢኤምኤል» አድርጎ ቢያወጣልዎ ቀሪው ከላይ እንዳልኩት ነው። ፋይሉ ከአውትሉክ 2003 በፊት በነበረ ዓይነት የተሠራ ከሆነ ከ2 ጊጋባይት በላይ መያዝ አይችልም፤ ወደዚያ ወሰን የተጠጋ ከሆነ ሳይበላሽ አይቀርምና ከአውትሉክ ጋር የሚመጣው «ስካን ፒኤስቲ» የተባለው መጠገኛ መጀመሪያ በቅጂው ላይ ይሞከር። አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም፦ በዚያ ፋይል ውስጥ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የእርስዎ የግል ንብረት ላይሆን ይችላል። የራስዎን የግል መልእክቶች ለይተው ቢወስዱና የቀረውን የቀድሞ ኃላፊዎችዎን ጠይቀው ቢወስኑ ከብዙ ጣጣ ያድንዎታል።

አሮጌውን ኮምፒዩተር ለሰው ስለመስጠት፦ ይስጡት፣ ሃርድ ዲስኩን ግን አስወጥተው ያስቀሩ። በውስጡ ያለውን በ«ዲሊት» ቢያጠፉትም በቀላሉ የሚመለስ ስለሆነ ፓስወርድዎና የቤተሰብዎ ጉዳይ አብሮ ይሄዳል። ዲስኩን በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልለው እርጥበት በሌለበት ሣጥን ውስጥ ያኑሩት፤ የተንደርበርዱን ፎልደርና «ኢኤምኤል» ፋይሎቹን ደግሞ በአንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ቀድተው፣ ሌላ ቅጂ ልጅዎ ቤት ያስቀምጡ። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማስቀመጫ አይታመንም። ኮምፒዩተሩን የሚሰጡት ግን ቁጥሮቹ ገጥመው፣ የአማርኛ ደብዳቤዎቹ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ መነበባቸውን ካዩ በኋላ ይሁን፤ ፎንት ወይም አንድ ፎልደር ጎድሎ ቢገኝ ተመልሰው የሚያወጡበት ኤክስፒ ያለው ኮምፒዩተር ሌላ ቦታ ማግኘት እየከበደ ሄዷል።